በመኪና የተለወጠው ሬዲዮ

«ሌባ አላልኩም! ሌባ ብልስ ማን ይከለክለኛል?»

ጋሽ ቲታ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይጮሃል። ከወዲያ በኩል የምታናግረው የሬዲዮ መደብሩ ባለሙያ ምን እንደምትል በውል አልሰማም፤ ለመስማትም አልሞከረም። የተናደደ ሰው የሚፈልገው የሚሰማው ሰው እንጂ መልስ አይደለም።

«የመኪና ዋጋ ነው የከፈልኩት፤ የመኪና! ሞተር ያላትን፣ ጎማ ያላትን፣ ሚስቴን ሥራ ቦታዋ የምታደርስ መኪና ሸጬ! ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ የረባ ቃል አላሰማኝም። መጥታችሁ ካላያችሁት ተሸክሜ አምጥቼ ደጃችሁ ላይ ነው የምጥልላችሁ!»

ዘጋው። ወዲያው አንድ ያመለጠው ስድብ ትዝ አለውና እንደገና ሊደውል ሲል፣ ሚስቱ ከወጥ ቤት ወጥታ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

«ይበቃሃል። ልጅቷ ነገ ጧት እመጣለሁ ብላለች።»

«መቼ ነው ያለችው?»

«አንተ ስትጮህ ሦስቴ። እኔ ድስት እያጠብኩ ሰማኋት፤ አንተ ጆሮህ ላይ ለጥፈህ አልሰማህም።»

«ስልኩ ነዋ! እሱም ሌላ ኮተት ነው» አለና ስልኩን እንደ ጠላት ገላመጠው።

ጋሽ ቲታ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ባቡር ጣቢያ በቴሌግራፍ ሠራተኛነት ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ጣቶቹ አርፈው መቀመጥ ስላቃታቸው ሰፈሩ ነው ያወጣለት። ዳቦ ቤት ተራ ሲጠብቅ ባንኮኒው ላይ ቲ-ታ-ቲ፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ ጉልበቱ ላይ ታ-ቲ-ቲ። ሚስቱ አዋላጅ ናት። የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ ወደዚህ ዓለም ያስገባች ሴት ናት፤ ባሏን ወደ ልቡ መመለስ ግን እስከ ዛሬ አልሆነላትም።

ጋሽ ቲታ የሬዲዮ አማተርም ነው። የሬዲዮ አማተር የሚባለው ይኸው ነው፦ ፈቃድ አውጥቶ፣ ጣሪያው ላይ ሽቦ ወጥሮ፣ ማንም ሳይከፍለው በዓለም ዙሪያ ካለ ከማያውቀው ሰው ጋር በሬዲዮ ሲያወራ የሚኖር ሰው። «ስልክ እያለ ምን አደከመው?» የሚል አይጠፋም። ገበያው ዓሣ ሞልቶት ወንዝ ዳር መንጠቆ ይዞ የሚውለውን ሄዶ ይጠይቀዋ!

ጋሽ ቲታ በሬዲዮ ያላወራው ሰው የለም፤ የመርከብ ካፒቴን፣ መነኩሴ፣ አንዴማ ከእስር ቤት ዘበኛ ጋር ስለ ንብ እርባታ ሲከራከር አርፍዷል። የልቡ ሰው ግን አንድ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰዓት ሠሪ። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በየጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሞርስ፣ በዚያው በቴሌግራፍ የቲ-ታ ምት። ሰዓት ሠሪው የሚጠቀምባት ሬዲዮ በገዛ እጁ የበየዳት፣ ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ የምትገባ ናት፤ ኃይሏ የብስክሌት መብራት እንኳ ደህና አድርጎ አያበራም። ባለቤቷ ግን ሰዓት ሠሪ ነውና እጁ አይዛነፍም፤ ጋሽ ቲታ ምቱን ከሺህ ሰው መሃል ይለየዋል። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሻዩ በረዶ እስኪሆን ያወሩ ነበር። ጋሽ ቲታ ታላቅ ወንድሙ የሞተ ጊዜ ሰው ፊት አላለቅስም ብሎ ዋለና፣ በማግስቱ ለዚህ ሰው በጣቱ እየነገረ አለቀሰ። ሚስቶቻቸውም በባሎቻቸው በኩል ተዋውቀው ፎቶና የሹራብ ልክ ተለዋውጠዋል። በዓይን ተያይተው አያውቁም፤ ቢሆንም ከዚህ ሰው የሚቀርበው ወዳጅ በዓለም ላይ አልነበረውም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ከእጁ እያመለጠ ያለው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የሰዓት ሠሪው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ የሬዲዮው ሽውታ ውስጥ ይሰምጥ ጀመር። አማተሮች ድምፅ ሲጠፋባቸው መጀመሪያ የሚከሱት ፀሐይን ነው፤ ፀሐይ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ሲበዛና ሲያንስ ሬዲዮ ይረበሻል ይላሉ፣ እውነትም ነው። ጋሽ ቲታ ስድስት ወር ሙሉ ፀሐይን ሰደበ። ቀጥሎ የጎረቤቱን አምፖል ከሰሰ፤ «የእርስዎ ርካሽ አምፖል ነው ሬዲዮዬን የሚያውከው» ብሎ በገዛ ገንዘቡ አዲስ አምፖል ገዝቶ ሰውየው ጣሪያ ላይ ሰቀለለት። ለውጥ የለም። ከዚያ የቀረው ተከሳሽ ሃያ ዓመት ያገለገለው ሬዲዮው ነበር።

ፀሐይንም አምፖልንም መክሰስ ባልከፋ፤ የከፋው የዛሬ ዓመት ገደማ መጣ። ግማሽ ሰዓት ያወራ የነበረው ሰዓት ሠሪ በድንገት ጨዋታውን አሳጠረ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ጋሽ ቲታ ከሽውታው መሃል ወይ «ዝናብ»፣ ወይ «ፀሐይ»፣ መጨረሻ ላይ «ደህና ሁን» የምትለዋን ይለቅማል፤ አለቀ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ነፍሱን ሲያካፍለው የኖረ ሰው ዛሬ የአየር ጠባይ ይነግረዋል! «ምን አድርጌው ነው? ምን በድዬው?» እያለ ሲብሰለሰል ከረመና አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። «ይህ ያረጀ ሬዲዮ ድምፄን እዚያ እያበላሸ ያደርስ ይሆናል፤ ሰውየው ሰልችቶት ነው።»

ይህን በአማተሮች ማኅበር ስብሰባ ላይ ቢያነሳ፣ ከወርቅ ሰዓቱ በቀር የሚያወራው የሌለው ኮንትራክተር ከት ብሎ ሳቀበት። «አንተ ሰው፣ በቆርቆሮ እያዳመጥክ ወዳጅ ራቀኝ ትላለህ? እኔ የገዛሁትን ግዛ። የጉንዳን ኮቴ ነው የሚያሰማህ!»

የጉንዳን ኮቴ! ጋሽ ቲታ የሚፈልገው የአንድ ሰዓት ሠሪ ጣት ብቻ ነበር። መኪናዋን ሸጠ።

ሚስቱ ነገሩን የሰማች ቀን አልጮኸችም፤ ይህ ከጩኸት ይብሳል። «መኪና ሸጠህ ሳጥን ገዛህ?» ብቻ አለችው። ከማግስቱ ጀምሮ ወደ ማዋለጃው ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች፣ የግቢውን በር እያላተመች መውጣት ጀመረች።

ሳጥኑ ሲመጣ ደግሞ ሳጥን አይደለም፣ ትዳር የሚያናጋ ጌጥ ነው። ሠላሳ ምናምን ቁልፍ፤ ሲያዞሩት እጅ ላይ ቅቤ የሚመስል ማዞሪያ፤ ድምፁን ሁሉ በብርሃን መስመር የሚያሳይ ሰፊ ስክሪን። መመሪያው ከመዝገበ ቃላት ይወፍራል። እዚያ ውስጥ «መሣሪያው የሞርስን ምት ራሱ እየተረጎመ በፊደል ያሳያል» የሚል አነበበና ጋሽ ቲታ እንደተሰደበ ቆጠረው። «ሠላሳ ስድስት ዓመት በጆሮዬ እንጀራዬን የበላሁ ሰው፣ ሳጥን ፊደል ሊያስቆጥረኝ? ምነው፣ አያፍሩም እንዴ!» አለና ያንን ነገር የመጀመሪያውኑ ቀን ዘጋው።

በማግስቱ ጧት ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሬዲዮው ፊት ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ሽውውው። ውድ ሽውታ፣ የጠራ ሽውታ፣ ግን ሽውታ። ከታች፣ በጣም ከታች፣ አንድ ነገር ቲክ ቲክ ያለ መሰለው። ማዞሪያዎቹን ሁሉ ነካካ። ወይ ፍንክች! ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ፤ ደሙ ካልፈላ የማን ደም ይፈላል? አንድ ሰው በሰርዲን ቆርቆሮ ዓለምን እያነጋገረ፣ እሱ የመኪና ዋጋ ከፍሎ ዝናብ የምትለዋን ቃል እንኳ እየለመነ ይስማ? ይህ ንግድ ነው ወይስ ቅሚያ?

እስከዚያ ለሰዓት ሠሪው ምን እያለ ይመልስ ነበር ካላችሁ፣ እንደማንኛውም አማተር ነዋ። ሁለት አማተሮች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ምን ያህል ጥሩ እንደሰማው በሦስት ቁጥር ይነግረዋል፤ አንደኛው ስለ ጥራት፣ ሁለተኛው ስለ ጉልበት፣ ሦስተኛው ስለ ቃና። ከሁሉ የሚበልጠው አምስት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ነው። ታዲያ ሁሉም ለሁሉም አምስት ዘጠኝ ዘጠኝ ይላል። ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲባል ወገቡ እየተቆረጠ «ደህና» እንደሚለው መሆኑ ነው። ጋሽ ቲታም በየጧቱ «አምስት ዘጠኝ ዘጠኝ። ሁሉን ሰምቻለሁ። በጣም ጥሩ ነው። ሚስትህን ሰላም በልልኝ» ብሎ ይመታል። ወዳጁን «ልሰማህ አልቻልኩም» ብሎ ማስቀየም ደግ አልመሰለውም። ሚስቱም አልፎ አልፎ «ሚስቱ እንዴት ናት?» ስትለው፣ «ደህና ናት፤ ሰላም ብላሻለች» ይላታል። ምን ጉዳት አለው? ወግ ነው።

ባለሙያዋ ከስልኩ ጭቅጭቅ ማግስት በሰዓቷ መጣች፤ ትከሻዋ ላይ ከባድ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ስድብ የለመደች ረጋ ያለች ሴት። ጋሽ ቲታ የትናንቱን ንግግር፣ ሰዓት ሠሪውንም ጨምሮ፣ ገና ከበሩ ጀመረላት። «እሺ ጋሼ» አለችና ጫማዋን አውልቃ ጣሪያ ላይ ወጣች። ሽቦውን ለካች፤ ወረደች። ገመዱን ለካች፣ መብራቱን ለካች፣ የሬዲዮውን ሆድ ከፍታ አየች።

«ሁሉም ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«ደህና ነው?» ጋሽ ቲታ ከወንበሩ ተነሣ። «ደህና ከሆነ ለምን አይናገርም? ልጄ፣ እኔን ጨዋ ሰው አግኝተሽ ነው እንጂ ሌላ ቢሆን ይሄኔ…»

«አንድ ሰዓት ተኩል እስኪሆን እንጠብቅ፤ ሰውየው ሲመጡ አብረን እንስማ።»

ሚስቱ ልትወጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ነበር፤ አውቶቡሱ ቢያመልጣትም ይህን ክርክር ሳታይ መሄድ አልቻለችምና በሩ ላይ ቆመች። ባለሙያዋ ማዳመጫውን ከጋሽ ቲታ ጆሮ አንስታ ድምፁን በድምፅ ማጉያው ለቀቀችው።

አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ስክሪኑ መሃል አንዲት ቀጭን ደማቅ መስመር ብልጭ፣ ብልጭ ማለት ጀመረች።

«ይኸው መጡ» አለች ባለሙያዋ።

«የታል?»

«ይኸው እኮ፣ ጋሼ። በጣም ጥርት ብለው ይሰማሉ። እጃቸውም እንዴት ያምራል!»

«እኔም ሰማሁ» አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ። «እንደ ወፍ ጫጩት እያለ ነው።»

ጋሽ ቲታ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ። የሚሰማው ሽውታ ነው። «ተማክራችኋል?» አለ ፊቱ ቀልቶ። «ገንዘቤን ላለመመለስ ሚስቴንም ገዛሻት?»

ባለሙያዋ ድምፁን ቀስ ብላ ከፍ፣ ከፍ አደረገችው፤ ሚስቱ ጆሮዋን እስክትይዝ ድረስ። ያኔ ሰማው። ከሩቅ፣ ከግድግዳ ወዲያ የሚያንኳኳ ሰው ይመስል። ጣቶቹ በራሳቸው ጠረጴዛው ላይ ተከተሉት፤ ከዚያም ባለሙያዋ ድምፁን ስትመልሰው እንደገና ጠፋ።

«ጋሼ» አለች ባለሙያዋ ወደ ፊቱ ጠጋ ብላ፣ ቃል በቃል፣ «ጆሮዎን ታይተው ያውቃሉ?»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» አለች ሚስቱ። «ፀሐይን ሰደብክ፣ የሰው አምፖል ነቀልክ፣ መኪናዬን ሸጥክ! ሰፈሩ ሁሉ ‹ጋሽ ቲታ ሰላም ስንለው ያልፈናል› እያለ ያማሃል። እውነትም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም እንሂድ ስልህ የለም?»

«አልሰማሁሽም!»

«እሱን ነው የምልህ!»

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጠች። ጋሽ ቲታ ግን የሚስቅበት አንጀት አልነበረውም። ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ «ደንቆሮ ነህ» ሊባል? ይህንን ሐኪም በካርድ ዋጋ ይነግረው ነበር! የኮንትራክተሩ ወርቅ ሰዓት በዓይኑ ዞረ፤ የጉንዳን ኮቴ ያለውን ሰው አጠገቡ ቢያገኘው ጉንዳኑን በአፍንጫው ይከትለት ነበር። «ነቅለሽ ውሰጂው» አለ። «አሁኑኑ። ገንዘቤን መልሱ።»

«እወስደዋለሁ። ግን አንዴ ይህችን ይዩና» አለችና የዘጋውን የፊደል መተርጎሚያ ከፈተችው።

ስክሪኑ ግርጌ ፊደላት አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ። የሰዓት ሠሪው ጣት ነው፤ አንድም ስሕተት የለበትም።

እንደምን አደርክ ወንድሜ። ዛሬ ዝናብ ነው። ነፋስ የለም። ደህና ሁን።

«አያችሁ?» ጋሽ ቲታ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ንዴቱ ከሬዲዮውም ከጆሮውም ተነሥቶ ወደ ባሕር ማዶ ተሻገረ። «እሺ፣ እኔ ደንቆሮ ልሁን! እሱስ? ዝናብ ነው፣ ነፋስ የለም! ለሠላሳ አንድ ዓመት ወዳጅ ይህ ነው የሚባለው? ዛሬ አልለቀውም!»

የሞርስ መምቻውን ያዘና እንደ ጥንቱ በፍጥነት መታ። «ቆይ፣ አትሂድ። ዓመት ሙሉ እንደ ባዳ በሦስት ቃል ትሸኘኛለህ። ምን በደልኩህ? ወንድ ከሆንክ ንገረኝ።»

ደማቋ መስመር ጠፋች። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሚስቱ ሰዓቷን አየች። ሁለት ደቂቃ። «ሄደ» ሊል አፉን ሲከፍት ፊደላቱ መጡ፤ አሁን ቀስ ብለው።

ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?

ከዚያም፦

የዛሬ አስራ አንድ ወር ሚስቴ ሞተች ብዬ ነገርኩህ። ከቀብር ገብቼ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ነው የነገርኩህ። አምስት ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ሁሉን ሰምቻለሁ፣ በጣም ጥሩ ነው አልከኝ። ሚስትህን ሰላም በልልኝ አልከኝ። ተሳስቶ ነው ብዬ በማግስቱ ደገምኩልህ። በጣም ጥሩ ነው አልክ። በሦስተኛው ቀንም ነገርኩህ። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ እሷን ሰላም በልልኝ ትለኛለህ። ምን እንድልህ ፈለግህ? ዝናብ ነው አልኩህ።

ጋሽ ቲታ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሚስቱ ከበሩ ወደ ስክሪኑ መጥታ ነበር፤ እሷም አነበበች።

«ደህና ናት ስትለኝ አልነበር?» አለች። «በዚያ ሰሞን ስጠይቅህ ሰላም ብላሻለች አላልከኝም? የሞተች ሴት ሰላምታ ነው ስታመጣልኝ የከረምከው? እንዴት ያለህ ሰው ነህ!»

ዓመት ሙሉ የተበደለው ሰዓት ሠሪው ነበር! ዓመት ሙሉ «ምን በደልኩህ» እያለ ሲያማው የነበረው ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ ወደ እሱ ሮጦ መጥቶ ነበር፤ እሱ ግን «በጣም ጥሩ ነው» አለው። ራሱን በጥፊ መምታት አማረው። መምቻውን ያዘ፤ ጣቱ አልታዘዝ አለው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልተሳሳተ ጣት የመጀመሪያውን ቃል ሁለቴ አበላሽቶ በሦስተኛው መታ።

«አልሰማሁህም። ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰማሁህም። ጆሮዬ ሄዷል፤ እኔም ዛሬ ነው ያወቅሁት። ውሸቴን ነው የኖርኩት።»

መልሱ ቶሎ መጣ፤ ንዴቱ ከፊደሎቹ ፍጥነት ያስታውቃል።

አምስት ዘጠኝ ዘጠኝ ስትለኝ?

«ውሸት ነበር። ለሁሉም ነው የምለው።»

እኔ ላንተ ስል እውነቴን ነበር።

ባለሙያዋ መፍቻዋን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ፣ ሰው ቤት በማይሆን ሰዓት እንደገባ እንግዳ ጫማዋን ፍለጋ ሄደች። ሬዲዮውን ልውሰደው ወይስ ልተወው ብላ አልጠየቀችም፤ እሱም አላነሳውም። ሚስቱ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ወንበር ሳበችና አጠገቡ ተቀመጠች። በግናለች፣ ታስታውቃለች፤ ግን ተቀመጠች።

ጋሽ ቲታ መምቻውን እንደገና ያዘ። «ይቅር በለኝ አልልህም፤ አይገባኝም» ብሎ መታ። «ግን ሬዲዮዬ ምትህን በፊደል ይጽፍልኛል። አሁን አንብቤ እከተልሃለሁ። ንገረኝ። ምን ቀን ነበር? ምን አመማት? ማን ነበር አጠገብህ?»

ምንም የለም። ሽውታውን እንኳ አሁን የሚሰማው አይመስልም፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል። ሚስቱ እጇን ክንዱ ላይ ጣል አደረገች፤ ለመቆንጠጥ ይሁን ለማጽናናት እሷም አታውቅም። ረጅም ጊዜ ቆየና፣ ያቺ ቀጭን መስመር ብልጭ አለች፤ ፊደላቱ ጀመሩ። አንድ መስመር ሞላ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሰዓት ሠሪው እንደ ጥንቱ ሳያቋርጥ ይመታል።

ጋሽ ቲታ ግን የመጀመሪያዋን ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም፤ እንባው ፊደሉን ሁሉ አንድ ላይ ደባልቆበታል። በእጅጌው ቢጠርገው ተመልሶ ይሞላል። ሚስቱ አየችውና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ ታነብለት ጀመር።

«‹ማክሰኞ ነበር› ይላል። ‹ጧት ተነሥታ መስኮቱን ክፈትልኝ አለችኝ…›»

ጋሽ ቲታ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ ጆሮውን ወደ አፏ አዘነበለ።

«ጮክ በይልኝ» አለ። «አልሰማሁም።»